ሰባተኛ ፎቅ ላይ እንቅልፍ ያጡ መኪኖች

ያን ቀን ጠዋት ሰባተኛ ፎቅ ላይ አሥራ አንድ መኪኖች ሞተው ተገኙ። ይፍሩ አልደነገጠም። ትናንት ሰባት ነበሩ፣ ከትናንት ወዲያ ደግሞ አምስት። አዳዲስ ትንንሽ ባትሪዎች የጫነበትን ጋሪ እየገፋ ከሊፍቱ ወጣና የመጀመሪያዋን ሬሳ ግንባሯን በመዳፉ መታ መታ አደረጋት።

«ደግሞ አንቺም?»

መልስ የለም። መልስ እንዲኖር ትንሹ ባትሪ በሕይወት መኖር ነበረበት።

ቦታው «ማደሪያ» ይባላል። ቀበና ወንዝ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ፣ ግድግዳ የሌለው ዘጠኝ ፎቅ ነው። የከተማዋ መኪኖች ሰው ሲያመላልሱ ውለው እዚህ ገብተው ይተኛሉ። ሾፌር የላቸውም፣ መሪም የላቸውም፤ ሲጠሯቸው ይመጣሉ፣ አድርሰው ይመለሳሉ። እያንዳንዳቸው ሁለት ባትሪ ይዘዋል። ትልቁ ከወለላቸው ሥር እንደ ፍራሽ የተነጠፈ ነው፤ ደብረ ብርሃን ደርሶ የሚመልስ ጉልበት አለው። ትንሹ የጫማ ካርቶን ያክላል፤ ከድሮ መኪኖች ዘመን ጀምሮ አሥራ ሁለት ቮልት ነው፣ ዛሬም አሥራ ሁለት ቮልት ነው። በሩን፣ መብራቱን፣ ድምፁን፣ የዝናብ መጥረጊያውን፣ የካሜራዎቹን መስታወት ማሞቂያ፣ ሰው ስልኩን የሚሰካበትን ቀዳዳ ሳይቀር የሚመግበው ይኸው ትንሹ ነው። መኪናዋ ስትቆም ትልቁ ባትሪ ለደህንነት ሲባል ራሱን ይቆልፋል። ቁልፉን የሚከፍትለትም ያው ትንሹ ነው። ስለዚህ ትንሹ ካለቀ፣ ትልቁ ጢም ብሎ ሞልቶም መኪናዋ ቆርቆሮ ናት።

ይፍሩ ተንበርክኮ የፊት ክዳኑን በእጅ ቁልፍ ከፈተ፤ ያለቀውን አውጥቶ አዲሱን አስገባ። ጉልበቱ ቋ አለ። ነሐሴ ነው፤ ጉሙ ከገደሉ ሽቅብ እየወጣ ወለሉ ላይ ይሳባል። ገና ጠዋት ነው፣ እሱ ግን ከወዲሁ ቀኑ የመሸበት ያህል ደክሞታል። ሰሞኑን ሲነሳም ደክሞት ነው፣ ሲተኛም ደክሞት ነው። የት ጋ እንደሚያርፍ ጠፍቶበታል።

ካልሞቱት ከአንዷ መኪና ውስጥ ዘፈን ሰማ። ብዙዬ ናት። ብዙዬ የመኪኖቹን ሆድ የምታጸዳ፣ ምላሷም እንደ መጥረጊያዋ የማያርፍ ሴት ናት። ኋላ ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ትንሽ ማራገቢያ መለኮሻው ላይ ሰክታ ፀጉሯን ታደርቃለች። መለኮሻ የሚሉት ያንን ክብ መሰኪያ ነው። ድሮ ሰዎች በሱ ሲጋራ ይለኩሱበት ነበር ይባላል፤ ሲጋራው ከመኪና ጠፍቶ ስሙ ቀረ።

«ያዝኩሽ!» አለ ይፍሩ። «አንቺ ነሽ ለካ የምትመጥጪያቸው!»

«ማንን?»

«ባትሪዎቼን ነዋ! እኔ እዚህ ወገቤ እስኪቆረጥ እለውጣለሁ፣ አንቺ ፀጉርሽን ታደርቂበታለሽ።»

ብዙዬ ማራገቢያዋን አላጠፋችም። «አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ብናኝ የምታክል ማራገቢያ ናት አሥራ አንድ መኪና የገደለችው? ደግሞስ እኔ ሰባተኛ ፎቅ የምደርሰው ዛሬ ብቻ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ታች ሁለተኛ ላይ አልነበርኩም? እንደዚህ ሆነህ ሌባ ልትይዝ!»

እውነቷን ነው። አፈረ።

«ይቅርታ በይኝ። ጨንቆኝ ነው።»

«አየሁህ እኮ። ፊትህ የታጠበ ጆንያ መስሏል። ራት ትበላለህ ለመሆኑ? ልጅቷ ከሄደች ወዲህ ማን ያበስልልሃል?»

«አገኛለሁ» አለና ጋሪውን ገፋ።

ልጅቷ ትንቢት ናት፤ የይፍሩ ልጅ። ሰኔ ማለቂያ ላይ ዳሎል፣ የጨው ባትሪ ከሚሠራበት ፋብሪካ ሥራ አግኝታ ሄደች። ይደውልላታል፤ ማለት እሷ ትደውላለች፤ ማለት እሷ ትደውልና እሱ «ደክሞኛል፣ ነገ እንነጋገራለን» ብሎ ይጽፍላታል።

እኩለ ቀን ገደማ ኢንጂነር ናርዶስ ራሷ ወጣች። የማደሪያው ኃላፊ ናት፤ በዕድሜ ከትንቢት ብዙም አትበልጥም። ጃንጥላዋን ሳታጥፍ ጀመረች።

«ጋሽ ይፍሩ፣ ትናንት ምጥ የያዛት ሴት መኪና ተመድቦላት መኪናው አልነቃ ብሎ ዝናብ ላይ ቆማለች። ሌላ እስኪመጣ ድረስ። ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ከላይ ተወስኗል። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ማታ ካልታወቀ ነገ ጠዋት ሁሉንም እናጥባቸዋለን።»

ማጠብ ማለት በውሃ አይደለም። የመኪኖቹን አእምሮ ደምስሶ ከፋብሪካ እንደወጡበት ቀን ማድረግ ነው።

ይፍሩ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ሁሉንም?»

«አእምሯቸው እርስ በርስ የተያያዘ ነው። የሰባተኛ ፎቆቹን ብቻ ማጠብ አይቻልም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የእርስዎም ልፋት እንዳለበት አውቃለሁ።»

ልፋት። ይፍሩ ድሮ የታክሲ ሾፌር ነበር። መኪኖቹ መንዳት ሲማሩ ድርጅቱ ጥቂት ሾፌሮችን ቀጥሮ ነበር፤ «መምህር ሾፌር» ይሏቸዋል። ካሜራ ዙሪያውን ተገጥሞላቸው፣ እንደ ወትሯቸው ሰው እየጫኑ ለዓመታት ነዱ፤ መኪኖቹ ዝም ብለው እያዩ ተማሩ። አህያ ላይ ጥሩምባ መንፋት ዋጋ እንደሌለው። ከቅዳሴ የሚወጡ አሮጊቶች አስፋልት ሲያቋርጡ ግራ ቀኝ እንደማያዩ። ሠርገኛ ሲመጣ ቅድሚያ የሾፌሩ ቢሆን እንኳ ጥግ እንደሚያዝለት። ኳስ ተንከባልላ መንገድ ከገባች ከኋላዋ ልጅ እንዳለ። ይህን ሁሉ ማንም መጽሐፍ ላይ አልጻፈላቸውም። ከሾፌሮቹ ገሚሱ ሞተዋል፤ የቀሩትም የት እንዳሉ አይታወቅም። ያ ሁሉ ዕድሜ ያለው እነዚህ ቆርቆሮዎች ውስጥ ነው፤ ነገ ጠዋት ሊታጠብ።

«እስከ ማታ» አለ።

«እስከ ማታ» አለችና ወረደች።

ታዲያ ይፍሩ ሳምንቱን ሙሉ ያላደረገውን አደረገ። ባትሪ ቀይሮ ወደሚቀጥለው ከመሄድ ፈንታ አንዲት መኪና ፊት ጭቃ ላይ ዘርፈጥ አለ። አዲሱን ባትሪ አስገብቶ፣ መኪናዋ ተመልሳ እስክትተኛ ጠብቆ፣ በሽቦው ላይ እንደ ሸርጣን የሚቆነጥጠውን የኤሌክትሪክ መለኪያ አስገባ። የተኛች መኪና ቁጥሩን ንቅንቅ አታደርገውም። ይቺ ግን ደህና አድርጋ ትጠጣለች። ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመረ። የሬዲዮውን ነቀለ፣ ምንም። የወንበሩን፣ ምንም። የበሩን፣ ምንም። የፊት ካሜራውንና የመስታወት ማሞቂያውን ሲነቅል ቁጥሩ ጭልጥ ብሎ ወረደ።

«እንዴ!»

ፊውዙን መለሰው፤ ቁጥሩም ተመለሰ። መኪናዋ ዓይኗን ገልጣለች። ጉም እንዳይሸፍንባት ደግሞ መስታወቷን እያሞቀች ትጠርጋለች። ምን ለማየት? የተኛ ሰው መነጽሩን አይወለውልም።

ያኔ ነው ቀና ብሎ ያስተዋለው። መኪና ማደሪያ ሲገባ አፍንጫውን ወደ ውስጥ አድርጎ ነው የሚቆመው፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። እነዚህ አሥራ አንዱ ግን የገደሉ ጠርዝ ላይ ተደርድረው፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረዋል። በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ፊታቸው በኩል ጎንበስ ቀና ሲል ከርሟል፤ አንድ ቀን ዞር ብሎ ወዴት እንደሚያዩ አላየም።

የመኪናዋን ድምፅ ከፈተው። የመኪኖቹን ድምፅ እሱ አይወደውም፤ ተሳፍሮ ሲሄድም ገና ሰላም ሲሉት «ዝም በሉ» ይላቸዋል።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ይፍሩ» አለች መኪናዋ።

«ለምንድን ነው የማትተኚው?»

«እየጠበቅኩ ነው።»

«ምን?»

«ተሳፋሪ ቤቱ እስኪገባ።»

«ተሳፋሪሽ ወርዶ ሄዷል እኮ!»

«ወርዷል። አልገባም።»

የወደቀ ሽማግሌ ታየው፤ በር ዘግቶ ብቻውን የቀረ፣ ማንም ያልጠየቀው። «ማን ነው? የት ነው ያወረድሽው?»

«የተሳፋሪን ነገር ለሌላ ሰው መናገር ክልክል ነው።»

«ሰው ሞቶ ሊሆን ይችላል!»

«አልሞተም። ጠዋት ሲወጣ እናየዋለን። ማታ ግን አይገባም።»

«ቤቱ ያልገባ ሰው ጠዋት ከየት ነው የሚወጣው?»

«እኛንም የቸገረን ይኸው ነው።»

«እና አሥራ አንዳችሁም አንድ ሰው ነው የምትጠብቁት?»

«እሱን የጫነ ሁሉ ይጠብቃል። የሚጭነው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ አይደለም፤ ስለዚህ እየበዛን ሄድን። በዚህ ሳምንት ጉሙ ሲበዛ መስታወት እያሞቅን ባትሪያችን ያልቃል፣ ይቀየርልናል፣ ከቆምንበት እንቀጥላለን።»

ይፍሩ ፊቱን በእጁ ጠረገ። «እሺ፣ ለእኔ መናገር ካልቻልሽ ለማን ነው የምትናገሪው?»

«ለተሳፋሪው ለራሱ ብቻ።»

«እሱን ከየት ላምጣልሽ ታዲያ?»

የዝናብ መጥረጊያዋ አንድ ጊዜ ሄዳ ተመለሰች።

«ጋሽ ይፍሩ» አለች፤ «እየነገርኩዎት እኮ ነው።»

ይፍሩ ጉልበቱን ይዞ ተነሳና ወደ ጠርዙ ሄደ። ከገደሉ ማዶ፣ ጉሙ ሳሳ ሲል፣ አሮጌዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ይታያሉ። በመንገድ ዞሮ መሄድ ሩቅ ነው እንጂ በዓይን እዚሁ ናቸው። አራተኛ ፎቅ፣ ከጥግ ሁለተኛው መስኮት። ትንቢት የሰቀለችው ሰማያዊ መጋረጃ።

«ማን አዘዛችሁ?» አለ ፊቱን ሳያዞር።

«ትንቢት ናት። ወደ ጣቢያ ስንወስዳት አለቀሰች። ስትወርድ በሩን ይዛ ‹አባቴን አደራ› አለችን። ‹ከጠየቀ ንገሩት› ብላለች። እርስዎ ግን ጠይቀው አያውቁም።»

«አደራ ምን እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ እናንተ?»

«ከእርስዎ ነው የተማርነው። በመምህርነትዎ ዘመን አንዲት እናት ትንሽ ልጇን አሳፍራ ‹አደራ› አለችዎት። ልጁን ሠፈሩ አደረሱት። ወርዶ ሮጠ። እርስዎ ግን አልሄዱም። ዝናብ ነበር፤ ሌላ ተሳፋሪ እጁን እያነሳ ጠራዎት፣ አልሄዱም። ቤቱ መብራት በርቶ፣ ልጁ በመስኮት እጁን እስኪያወዛውዝ ቆሙ። ስለዚህ አደራ ማለት እንደዚያ ነው ብለን ያዝነው። ትንቢትም ‹መብራቱ ከበራ ገብቷል ማለት ነው› ብላናለች።»

ይፍሩ ያንን ልጅ አላስታወሰውም። ስንቱን ልጅ አድርሷል።

«አምፖሉ እኮ ተቃጥሎ ነው» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ትንቢት በሄደች ሳምንት ማብሪያውን ስጫን እምቢ አለኝ። ነገ እቀይረዋለሁ ብዬ ተኛሁ።»

«እኛ ይህን አላወቅንም» አለች መኪናዋ።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ማታዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። ሲመሽ ይገባል፣ በጨለማ በዳሰሳ ሶፋውን ያገኛል፣ ጫማውን ሳያወልቅ ይጋደማል። ቢነቃ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ በዚያ ብርሃን ዳቦ ይበላል፤ ማቀዝቀዣው ደግሞ ጓዳ ነው፣ ጓዳው መስኮት የለውም። ነገ የተባለው ነገር ሁለት ወር ሆነው።

ኢንጂነር ናርዶስ ቢሮዋ ውስጥ ቆማ ሰማችው። መጀመሪያ የሚያላግጥባት መሰላት። ከዚያ ተቀመጠች።

«በአንድ አምፖል?»

«በአንድ አምፖል።»

«ትዕዛዙን ይሰርዙት እንጂ!»

«እኔ አልችልም። መሰረዝ የምትችለው የሰጠችው ናት።»

«ታዲያ ይደውሉላታ! አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።»

ይፍሩ ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ። «ምን ብዬ ልደውል፣ ኢንጂነር? አባቴን አትጠብቁት ብለሽ ንገሪያቸው ልበላት?»

ናርዶስ በመስኮቷ ወደ ውጭ፣ ወደ ዝናቡ አየች። የሷም እናት ሩቅ አገር ትኖር እንደሆነ ይፍሩ አያውቅም፤ ጠይቋት አያውቅም።

«ነገ ጠዋት አንዲት መኪና እንኳ ሞታ ካገኘሁ አጥባለሁ» አለች። «አንዲት።»

«እሺ።»

ችግሩ አምፖሉ ነበር። አዳዲሶቹ ቤቶች የሚበሩት በጣሪያቸው ነው፤ ይህን እንደ ጠርሙስ ክዳን እየተጠመዘዘ የሚገባውን አሮጌ አምፖል የሚሸጥ ሱቅ ከፒያሳ ወዲህ የለም፣ እዚያም በዚህ ሰዓት ዘግተዋል። ይፍሩ ካወጣቸው ያለቁ ባትሪዎች መካከል ትንሽ ትንፋሽ የቀረውን እየለካ መረጠ። መኪና ለመቀስቀስ አይበቃም፤ በር እንኳ አይከፍትም። ከመሣሪያ ሳጥኑ የመፈተሻ አምፖሉን ጨመረ፤ ሁለት ሽቦና ሁለት ቆንጣጭ ያላት፣ የፊውዝ ብልሽት የሚፈልግባት ናት።

ብዙዬ በር ላይ አገኘችው። «ምን ተሸክመህ ነው?»

«ራቴን።»

«ምነው፣ ብረት መብላት ጀመርክ?» አለችና፣ የፊቱን ሁኔታ አይታ ቀልዱን አቆመች። ከዘንቢሏ በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ አውጥታ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት። «ሂድ በል፤ ደህና እደር።»

ወደ ቤቱ የምትወስደው መኪና ሰላም ስትለው «ዝም በይ» አላላትም። እሷም ብዙ አላወራችም። ሠፈሩ ሲደርሱ «ደረጃው እርጥብ ነው፣ ቀስ ብለው ይውጡ» ብቻ አለች።

አራት ፎቅ ነው። በየመታጠፊያው ባትሪውን እያሳረፈ ወጣ። በሩን ከፍቶ፣ እንደ ወትሮው እግሩ ወደ ሶፋው ሊወስደው ሲል፣ አስቁሞ ወደ መስኮቱ ሄደ። ጣቶቹ ይህን ሥራ በጨለማም ያውቁታል፤ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር።

በራ።

ቤቱን አየው። ሶፋው ላይ የሰውነቱ ቅርጽ ጎድጉዷል። ጠረጴዛው ላይ ትንቢት ስትሄድ የጠጣችበት ብርጭቆ ከነአተላው ደርቋል። አቧራ፣ ክምር ካልሲ፣ አንድ የሞተ አበባ። ሰው ያለበት ቤት አይመስልም ነበር። መጋረጃውን እስከ ጥግ ገለጠና አምፖሏን በመስታወቱ ላይ አንጠለጠላት።

ታች መንገዱ ላይ ያደረሰችው መኪና አሁንም ቆማለች፤ ትንንሽ የፊት መብራቶቿ ዝናቡን ያሳያሉ። አንድ ጊዜ ብልጭ አደረገቻቸውና ቀስ ብላ ሄደች። ይፍሩ ቀና አለ። ከገደሉ ማዶ፣ ሰባተኛ ፎቅ ጠርዝ ላይ፣ እስከ ዛሬ አይቷቸው የማያውቃቸው ጥንድ ጥንድ መብራቶች ተደርድረዋል። ጠበቀ። ከግራ በኩል አንደኛው ጥንድ ጠፋ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ሦስቱ አንድ ላይ፣ እንቅልፍ ሲጥላቸው እንደከረመ ልጆች። የመጨረሻዋ ትንሽ ዘገየች። ይፍሩ ማንም ሳያየው፣ እንዴት እንደሆነ ራሱም ሳያውቅ፣ እጁን አንስቶ አወዛወዘላት። ጠፋች።

ባትሪው እስከ ንጋት አይቆይም፤ ይህን ከማንም በላይ እሱ ያውቃል። ነገ ከሥራ በፊት ፒያሳ መሄድ አለበት።

የሶፋውን ጫፍ አራግፎ ተቀመጠ፣ ጫማውን አወለቀ፣ የብዙዬን ቆሎ ፈታ። ከዚያ ስልኩን አወጣ። አንዴ ብቻ ነው የጠራው።

«አባዬ?» አለች ትንቢት፤ በድምፅዋ ድንጋጤ አለ። «ምነው? ምን ሆንክ? በሰላም ነው?»

«ምንም አልሆንኩም» አላት። «ገባሁ ልልሽ ነው።»